የእናቷን ጦርነት እምቢ ያለች፣ ከአርበኞቻችን ጋር ያረፈች፦ ሲልቪያ ፓንክረስት

ወዳጆቻችን፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያደግን ልጆች አንድ ነገር እናውቃለን። ሽማግሌ ቤት ገብተን ስለ ጣሊያን ዘመን ብንጠይቅ ወሬው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰው ስም ይዞራል። የእገሌ አያት ዱር ገባ፣ የእገሌ አያት ለጣሊያን አደረ ይባላል። ነገሩ ከሆነ ሰማንያ ምናምን ዓመት አልፎታል። የአርበኛ ዘር፣ የባንዳ ዘር የሚለው ግን ዛሬም ሽምግልና ሲላክ ብቅ ይላል።

እንግዲህ እኛ ከአባቶቻችን የወረስነው መሬትና ከብት ብቻ አይደለም። ማንን መውደድ፣ ማንን መጥላት፣ ለማን መፎከር እንዳለብንም ወርሰናል። አብዛኞቻችን ደግሞ ውርሱን አንድም ቀን ገልጠን አላየነውም።

ዛሬ ውርሷን ገልጣ ስላየች ሴት እናወራለን። ከቤተሰቧ የተረከበችውን የፖለቲካ አቋም ጠይቃ፣ በዚህ ምክንያት እናቷን ያጣች፣ ከዚያም ሕይወቷን ለሰላምና ለእኛ አገር የሰጠች እንግሊዛዊት ናት። ስሟ ሲልቪያ ፓንክረስት ነው። አዲስ አበባ ሄዳችሁ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ብትሳለሙ መቃብሯን ከፊት ለፊት፣ ከአርበኞቹ መቃብር ጋር ታገኙታላችሁ።

(ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፖለቲካ የሚበላበት፣ ፖለቲካ የሚጠጣበት ቤት

ሲልቪያ የተወለደችው በ1882 ዓመት፣ ሜይ 5 ቀን፣ ማንችስተር በምትባለው የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ነው። ይቺን ቀን ያዙልን፣ ኋላ እንመለስባታለን።

አባቷ ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ጠበቃ ነበሩ። ለድሃ የሚሟገቱ፣ ጦርነትን የሚቃወሙ፣ ሴቶች የመምረጥ መብት ያግኙ ብለው ገና በ1870ዎቹ መጀመሪያ ሕግ ያረቀቁ ሰው ናቸው። እናቷ ኤመሊን ደግሞ በዓለም ታሪክ ስማቸው ከሚነሳ ሴቶች አንዷ ናት። ቤታቸው እንግዳ የማይጠፋበት፣ ልጆች ሳይቀሩ ስለ ፓርላማ የሚያወሩበት ቤት ነበር።

ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው ነበር ማለት ይቻላል። ታላቋ ክሪስታቤል የእናቷ ልጅ፣ ሲልቪያ የአባቷ ልጅ። በ1898 አባትየው በድንገት ሲታመሙ ኤመሊንና ክሪስታቤል ውጭ አገር ነበሩ። አባቷን ያስታመመችው የ16 ዓመቷ ሲልቪያ ናት። እናቷ ስትደርስ አባቷ አርፈዋል። ያ ሐዘን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አልለቀቃትም።

ሲልቪያ ጎበዝ ሰዓሊ ነበረች። ማንችስተር፣ ቬኒስ፣ በመጨረሻም ለንደን በሚገኘው ትልቁ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተምራለች። ሥዕል ላይ ብትቆይ ኖሮ ስሟን በሌላ መንገድ እንሰማው ነበር። ግን በ1903 እናቷ ከሳሎናቸው የተነሣ አንድ ማኅበር አቋቋመች፤ የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት ይባላል። ሥራው አንድ ብቻ ነው፣ ሴት ድምፅ እንድትሰጥ ማድረግ።

ሲልቪያ ብሩሿን ለማኅበሩ ሰጠች። ባነሩን፣ ዓርማውን፣ ከእስር የሚፈቱ ሴቶች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉትን ጌጥ የነደፈችው እሷ ናት። ከ1906 ጀምሮ ደግሞ ራሷ እስር ቤት መመላለስ ጀመረች። የረሃብ አድማ ስታደርግ ዘበኞች ይዘዋት በጎማ ቱቦ ምግብ በግድ ወደ ሆዷ ያወርዱ ነበር። በ1913 መንግሥት የተራቡትን እስረኞች ለቅቆ፣ ትንሽ ሲያገግሙ መልሶ የሚያስር ሕግ አወጣ። ሕዝቡ የድመትና የአይጥ ሕግ አለው። ሲልቪያ በዚያ ሕግ ደጋግማ ታስራ፣ ደጋግማ ተፈትታለች። እህልም ውኃም ትታ፣ እንቅልፍም እምቢ ብላ በክፍሏ ውስጥ እስክትወድቅ ድረስ ወዲያ ወዲህ የምትልባቸው ቀኖች ነበሩ።

እስከዚህ ድረስ ሲልቪያ የእናቷ ወታደር ናት። የተሰጣትን ተቀብላ የታገለች ልጅ ናት።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ጥያቄው የተነሣው ሠፈር ስትቀይር ነው።

በ1912 ሲልቪያ ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ቦው ወደሚባለው የድሆች ሠፈር ገባች። እዚያ ያሉት ሴቶች ክብሪት ፋብሪካ የሚውሉ፣ በሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ፣ ሌሊት ቤታቸው ተቀምጠው በትንሽ ሳንቲም ልብስ የሚሰፉ ናቸው። የእናቷና የእህቷ ማኅበር በዚያን ጊዜ ፊቱን ወደ ባለጠጋ ሴቶች አዙሮ ነበር። ውሳኔውም ከላይ ነው የሚመጣው። ክሪስታቤል ፓሪስ ተቀምጣ ታዛለች፣ ለንደን ያለው ይፈጽማል።

ሲልቪያ ይህን መጠየቅ ጀመረች። ድምፅ ለሴት ስንል ለየትኛዋ ሴት ነው? ቤትና ንብረት ላላት ብቻ ከሆነ ልብስ አጣቢዋ ምን አገኘች? ለመብት የሚታገል ማኅበር ራሱ አባላቱን የማያስመርጥ ከሆነስ ምኑን ነው የምንታገለው?

በምሥራቅ ለንደን ያቋቋመችው ቅርንጫፍ ውሳኔውን በአባላት ድምፅ የሚያሳልፍ፣ ወንድ ሠራተኞችንም የማያርቅ ሆነ። በ1913 መጨረሻ ደግሞ በደብሊን ሥራ ከተዘጋባቸው ሠራተኞች ጎን ቆማ አደባባይ ንግግር አደረገች። ይህ አልተወደደላትም። በ1914 መጀመሪያ ፓሪስ ተጠርታ ሄደች። እናቷ ባለችበት እህቷ ከማኅበሩ መውጣቷን ነገረቻት። የቅርንጫፉ መንገድ የእነሱ መንገድ አይደለም፣ በቃ።

አስቡት እስቲ። ለዚያ ማኅበር ሥዕሏን ትታለች፣ ጤናዋን ሰጥታለች። ያባረሯት ደግሞ ጠላቶቿ ሳይሆኑ አብረዋት ያደጉት ናቸው።

ሲልቪያ ተመልሳ ቦው ገባች። ዉማንስ ድሬድኖት የተባለ የራሷን ጋዜጣ አወጣች። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ በረሃብ አድማ ተዳክማ መቆም ሲያቅታት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ፓርላማ በር ወሰዷት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምሥራቅ ለንደን ሴቶችን ካላነጋገሩ እዚያው እሞታለሁ ብላ ነበር። አነጋገሯቸው።

ጦርነት መጣ፤ ቤቱም ለሁለት ተሰነጠቀ

ከሁለት ወር በኋላ፣ በኦገስት 1914፣ እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ጦርነት ገጠመች። አንደኛው የዓለም ጦርነት ይኸው ነው።

መንግሥት የታሰሩትን ሴቶች ፈታ። ኤመሊንና ክሪስታቤል በአንድ ጀምበር ተለወጡ። ትናንት መስታወት የሚሰብሩት ሴቶች ዛሬ ከመንግሥት ጎን ቆመው ወንዱ ሁሉ ይዝመት አሉ። የማኅበሩ ጋዜጣ ሳይቀር ስሙን ቀይሮ ብሪታኒያ ተባለ። በየመንገዱ ያልዘመተ ወጣት ሲታይ ፈሪ ነህ ለማለት ነጭ ላባ የሚሰጡ ሴቶች ነበሩ። እኛ አገር ቢሆን ልቃቂት እንደመስጠት ማለት ነው። ነገሩን እናውቀዋለን።

ሲልቪያ ግን እምቢ አለች።

ለምን? ፍልስፍና አንብባ ብቻ አይደለም። ጦርነቱ በታወጀ በሳምንቱ የቦው ሴቶች በሯን ማንኳኳት ጀመሩ። ባል ዘምቷል፣ የወታደር ሚስት አበል አልደረሰም፣ ፋብሪካው ተዘግቷል፣ የዳቦ ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል። ወተት የሚያጡ ሕፃናት ይሞታሉ። ፎካሪው ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሒሳቡን የምትከፍለው ግን ይቺ ሴት ናት። ሲልቪያ ያየችው ይህን ነው።

ስለዚህ ሰላም ይሻላል ብላ መግለጫ በማውጣት አልቆመችም። ምግብ በርካሽ የሚሸጥበት፣ ለሌለው በነፃ የሚሰጥበት ምግብ ቤት ከፈተች። ሥራ ላጡ ሴቶች የአሻንጉሊት ፋብሪካ አቋቋመች፤ በዚያ ጊዜ አሻንጉሊት የሚመጣው ከጀርመን ነበርና ገበያ አገኘ። ወተት ማደያ ከፈተች። ከሁሉ የሚገርመን ግን ይሄ ነው። በሠፈሩ ባለቤቶቹ የተዉት አንድ መጠጥ ቤት ነበር። በስሙ ላይ ጠመንጃ ሠሪዎች የሚል ቃል ነበረበት። ሲልቪያ ተከራየችውና የሕፃናት መዋያና ክሊኒክ አደረገችው። ስሙንም ለውጣ የእናቶች ክንድ አለችው። ከጠመንጃ ሠሪ ወደ እናት። የሰላም ሥራ ማለት ለእሷ ይህ ነበር።

ይህን ብቻ ብታደርግ ማንም ባልጠላት ነበር። እሷ ግን አደባባይም ወጣች። በ1916 መንግሥት ወንዱን ሁሉ በግዳጅ የሚያዘምት ሕግ ሲያወጣ ሰልፍ ጠራች። እኛ ብሔራዊ ውትድርና ስንል የምናውቀው ዓይነት ነገር ነው። በለንደኑ ትራፋልጋር አደባባይ ሕዝብና ወታደር ቀለም እየወረወረ አባረራቸው።

ወሬው አሜሪካ ለነበረችው እናቷ ደረሰ። ኤመሊን ቴሌግራም ላከች። የሲልቪያን ድርጊት እንደምታወግዝ፣ ፓንክረስት በሚለው ስም እንዳትጠቀም ልትከለክላት ባለመቻሏ እንደምታዝን የሚገልጽ ነው። ይህንንም ሕዝብ እንዲያውቀው አዘዘች። በማኅበሩ ጋዜጣም ወጣ።

እናት ልጇን በጋዜጣ ካደች። በዛሬ ቋንቋ በፌስቡክ ላይ ልጄ አይደለችም ብሎ እንደመለጠፍ ነው።

ሲልቪያ ግን ስሙን አልጣለችም። ምክንያቱ ይገባናል፤ ስሙ የእናቷ ብቻ አይደለም፣ የአባቷም ነው። ጦርነትን መቃወምን ከቤቷ ነው ያገኘችው። ከወረሰችው መካከል መረጠች እንጂ ውርሷን በሙሉ አልካደችም። ይቺን ነጥብ ልብ በሉልን።

ጋዜጣዋ በ1917 ስሙ ዎርከርስ ድሬድኖት ሆነ። በዚያው ዓመት ሲግፍሪድ ሳሱን የተባለ፣ በጀግንነቱ ሜዳሊያ የተሸለመ የእንግሊዝ መኮንን ጦርነቱን የሚቃወም መግለጫ ሲያወጣ ካተሙት ጋዜጦች አንዱ የሲልቪያ ጋዜጣ ነው። መንግሥትም ጋዜጣዋን በዓይነ ቁራኛ ይከታተል ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ

ብዙ ሰው የወረሰውን ሲጥል በምትኩ ሌላ የተዘጋጀ ነገር ያነሣል። ሲልቪያም ወደ ኮሚኒዝም ሄዳ ነበር። በ1920 በድብቅ ሩሲያ ድረስ ተጉዛለች። ስትመለስ በጋዜጣዋ ላይ በወጡ ጽሑፎች ምክንያት ወራት ታሰረች።

ከእስር ስትወጣ ፓርቲው ጋዜጣዋን ለእኛ አስረክቢ አላት። እምቢ አለች። አባረሯት። እናቷ ያባረረቻት ሴት አሁን ደግሞ በጓዶቿ ተባረረች። ከአንዱ አለቃ አምልጦ ለሌላ አለቃ ማደር ለእሷ ነፃነት አልነበረም።

በግል ሕይወቷም ያው ናት። ሲልቪዮ ኮርዮ ከተባለ፣ አገሩን ጥሎ ከተሰደደ ጣሊያናዊ ጋር ትኖር ነበር፣ ሳይጋቡ። በ1927 መጨረሻ በ45 ዓመቷ ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን በአባቷ ስም ሪቻርድ አለችው። እናቷ ይህን ስትሰማ ደግማ አላነጋገረቻትም። በቀጣዩ ዓመት፣ በሰኔ 1928፣ ኤመሊን አረፈች። ሳይታረቁ።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ እዚህ ላይ ቆም ብለናል። ሲልቪያ ትክክል ነበረች ማለት ቀላል ነው። ግን ትክክል መሆን እናትን አይመልስም። አቋም መጠየቅ ዋጋ አለው፣ ዋጋውም አንዳንዴ ይህን ያህል ነው። ይህን ደብቆ ለወጣት ሰላም ስበክ ማለት ማታለል ይመስለናል።

ከመቅደላ እስከ ለንደን

አሁን ወደ እኛ አገር እንምጣ።

በጋይንት ያደገ ሁሉ የዐፄ ቴዎድሮስን መንገድ ያውቃል። በ1867 ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በጋይንት በጨጨሆ አድርገው ወደ መቅደላ ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ገባ። ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞች ዕቃውንና መጻሕፍቱን ጭነው ሄዱ። አብሯቸው የሄደ አንድ ሕፃንም ነበር።

ሕፃኑ ጎንደር የተወለደ፣ በዚያ ግርግር ከወላጆቹ የተለየ ልጅ ነው። የእንግሊዝ መኮንኖች ወስደው ሕንድ አገር አሳደጉት፣ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስምም ሰጡት። አድገው ሐኪም ሆኑ። እኚህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው።

ጣሊያን በኦክቶበር 1935 አገራችንን ሲወር ሐኪም ወርቅነህ ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተቀምጠው ነበር። በዚያ ጊዜ ከጎናቸው ከቆሙት እንግሊዞች ግንባር ቀደሟ ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። የእንግሊዝ ጦርነት ከቤተሰቡ የነጠለው ልጅና የእንግሊዝን ጦርነት እምቢ ያለችው ሴት በአንድ ጉዳይ ተገናኙ። ሐኪም ወርቅነህ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተፈጸመው ግድያ ዮሴፍና ቢንያም የተባሉ ሁለት ልጆቻቸውን አጥተዋል።

ሲልቪያ የፋሺስትን ነገር የሰማችው ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር አይደለም። ከኮርዮና ከስደተኛ ጓደኞቹ ቀድማ ሰምታለች። ሙሶሊኒ ተቃዋሚዎቹን ሲያስገድል፣ ሲያስር እሷ በእንግሊዝ አገር ትጮህ ነበር፤ ሰሚ ግን አልነበራትም።

በምትኖርበት ዉድፎርድ ግሪን የሚባል ሠፈር አንድ ሐውልት አሠርታለች። ከድንጋይ የተጠረበ፣ ከሰማይ የወደቀ የሚመስል ቦምብ ነው። አውሮፕላን ንጹሐንን እንዲደበድብ የፈቀዱትን ፖለቲከኞች የሚወቅስ ሐውልት ነው። በ1936 ሲመረቅ የኢትዮጵያ ለጋሲዮን ጸሐፊ ተገኝተው ነበር። በዚያው ዓመት የጣሊያን አውሮፕላን በእኛ ሰው ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ያወርድ ነበር። ሐውልቱ ዛሬም እዚያው ቆሟል።

ሚያዝያ 27

ያቺ ያዙልን ያልናችሁ ቀን መጣች። ሜይ 5 ማለት በእኛ ሚያዝያ 27 ነው።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ዓለም ኢትዮጵያ አለቀላት አለ። የዚያኑ ቀን ቀን የያዘ አዲስ ጋዜጣ ለንደን ላይ ወጣ። ስሙ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ ነው። አዘጋጇ ሲልቪያ ናት። ያን ቀን 54 ዓመት ሞላት።

ጋዜጣው 20 ዓመት በየሳምንቱ ወጣ። ኢትዮጵያ አልተሸነፈችም፣ በየዱሩ የሚዋጋ አርበኛ አላት እያለ የጣሊያንን ፕሮፓጋንዳ ሲያፈርስ ኖረ። በቤጌምድር፣ በጎጃም፣ በሸዋ የሚደረገው ትግል በአውሮፓ እንዳይረሳ ካደረጉት አንዱ እሱ ነው። እኛ አካባቢ ጣሊያን ደብረ ታቦርን ለቆ እጁን የሰጠው በ1933 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ ነው። ያን አምስት ዓመት ሙሉ ይቺ ሴት ለንደን ላይ ስትጽፍ ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ። በ1914 ጦርነት ይቁም ያለች ሴት እንዴት ለሚዋጋ አርበኛ ትጽፋለች? ሐሳቧን ቀየረች?

እኛ እንደተረዳነው አልቀየረችም። በ1914ም በ1928 ዓ.ም.ም የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዋጋውን ማን ይከፍላል የሚለው። በመጀመሪያው ጦርነት ሁለት ትልልቅ መንግሥታት ለጥቅም ሲጋጠሙ ዋጋውን የከፈለችው የቦው ልብስ አጣቢ ናት። በሁለተኛው ዋጋውን የከፈለው ቤቱ ተቀምጦ መርዝ የዘነበበት የኢትዮጵያ ገበሬ ነው። ሰላም ማለት ለእሷ ወራሪና ተወራሪን እኩል ዝም በሉ ማለት አልነበረም። ፎካሪውን ትቶ የሚሞተውን ማየት ነው።

ደግሞም ለአገሯ አላደላችም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዝ በኢትዮጵያ ላይ ሞግዚት ልሁን ስትል፣ ኦጋዴንን ይዛ ስትቆይ፣ ሲልቪያ የራሷን መንግሥት እየተቃወመች ጻፈች። የመንግሥት ሰላዮችም ፋይሏን አልዘጉትም።

ጉድለት አልነበራትም አንልም። ዘውድ የማትደግፍ ሶሻሊስት ሆና ሳለ ጃንሆይን ለመተቸት ብዕሯ ይከብዳት ነበር። የወላጆቿን አቋም የመረመረች ሴት የወደደችውን ሰው መመርመር ሲቸግራት እናያለን። ይህም ለእኛ ትምህርት ነው። ጥያቄ አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚጨርሱት ነገር አይደለም።

ወለተ ክርስቶስ

የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ለንደን ነርስነት ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 በወጣትነታቸው አረፉ። ሲልቪያ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ለዓመታት ገንዘብ ስታሰባስብ ቆየች። ሆስፒታሉ አዲስ አበባ ላይ በ1951 ተከፈተ። ኋላ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው እሱ ነው። በቦው ወተት ታድል የነበረችው ሴት፣ ያው ሥራዋ ናት።

በ1956፣ በ74 ዓመቷ፣ ኮርዮ ካረፈ በኋላ፣ ጓዟን ጠቅልላ ከልጇ ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገባች። በዚያ ዕድሜ ሰው ጡረታ ይወጣል። እሷ ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለ አዲስ መጽሔት ጀመረች። ስለ ታሪካችን፣ ስለ ትምህርት ቤቶቻችን፣ ስለ ሥዕላችን እየዞረች ጻፈች።

በ1953 ዓ.ም. መስከረም 17፣ በመስቀል ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ አረፈች። 78 ዓመቷ ነበር። በመንግሥት ሥርዓት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተቀበረች። ወለተ ክርስቶስ የሚል ስምም ተሰጣት። ሦስት ወር ሳይሞላ የታኅሣሡ ግርግር መጣ፤ እሱን አላየችም።

ልጇ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ፣ ከመቅደላ የተዘረፈው ቅርስ እንዲመለስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታገሉ። ሐውልቱ በ2005 ተመልሷል። እሳቸውም በ2017 አርፈው እዚያው ቅድስት ሥላሴ ተቀብረዋል። የእንግሊዝ ጦር በእኛ ምድር ጭኖት የሄደውን ዕቃ መልሱ ያለው እንግሊዛዊ የሲልቪያ ልጅ ነው። እንግዲህ እሱም ከእናቱ ወረሰ። ውርስ ሁሉ መጥፎ አይደለም።

እኛስ?

ወዳጆቻችን፣ ዛሬ በአካባቢያችን የጥይት ድምፅ እንግዳ አይደለም። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ፣ ስልክ የማይነሣላት እናት፣ አንዱ ልጅ እዚህ ሌላው እዚያ የሆነባቸው ቤተሰቦች በየቀበሌያችን አሉ። ማንን ደግፉ፣ ማንን ተቃወሙ ልንላችሁ አይደለም ይህን የጻፍነው።

ከሲልቪያ ሕይወት ሁለት ነገር ይዘን እንሂድ።

አንደኛው፣ የወረስነውን መጠየቅ ቤተሰብን መካድ አይደለም። ሲልቪያ የእናቷን ጦርነት እምቢ ያለችው የአባቷን ትምህርት ይዛ ነው። እኛም ከአያቶቻችን ፉከራውን ብቻ ሳይሆን እርቁንም ወርሰናል። ደም ለማድረቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መለመንን፣ ሽማግሌ መሐል ቁጭ ብሎ መናገርን፣ የገዳይና የሟች ቤተሰብ በአንድ ገበታ መቅረብን የሠሩትም እነሱ ናቸው። የባንዳ ልጅ፣ የአርበኛ ልጅ ማለቱንም እነሱ ናቸው የሰጡን፣ ማስታረቁንም እነሱ። የትኛውን እንደምናነሣ የምንመርጠው ግን እኛ ነን።

ሁለተኛው፣ ፎክር ሲሉን፣ ሼር አድርግ ሲሉን፣ ውጣ ሲሉን፣ ከመልሳችን በፊት ዋጋውን ማን እንደሚከፍል እንጠይቅ። ከሚጮኸው ሰው ዓይናችንን አንሥተን ወደ ቦዋ ልብስ አጣቢ እንይ። እኛ ሠፈርም አለች። ስሟን እናውቀዋለን። ምናልባት እናታችን ናት።

አዲስ አበባ የምትሄዱ ልጆች ሥላሴ ስትሳለሙ ከአርበኞቹ መቃብር መካከል የዚችን ሴት ፈልጉ። ጠመንጃ ያልያዘች አርበኛ ናት። ከማንችስተር መጥታ እዚያ የደረሰችው አንድ ቀን በእናቷ ቤት ለምን ብላ በመጠየቋ ነው።

ነፍሷን በገነት ያኑርልን። ለአገራችንም ሰላሙን ያምጣልን።